መግባት መድረስ አይደለም፤ ፈዋሽ ፕሮቲኖችን በሕዋስ ውስጥ ወደ ሥራ ቦታቸው ስለ ማድረስ የተደረጉ ጥናቶች ሒሳዊ ቅኝት

ፈዋሽ ፕሮቲን የሚፈውሰው በተፈለገበት ስፍራ ሲገኝ ብቻ ነው። ይህ ጉዳይ ለላቦራቶሪ ተመራማሪ ብቻ የሚተው አይደለም። በመካነ ኢየሱስም ሆነ በእስቴ ገጠር ቀበሌዎች የሚሠራ የጤና ባለሙያ በመንጋጋ ቆልፍ የተያዘ ገበሬ በቀረበለት ጊዜ ሁሉ ይገጥመዋል። በሽታውን ያመጣው መርዝ ፕሮቲን ነው፤ በባለሙያው እጅ ያለው ፀረ መርዝም ፕሮቲን ነው። ይሁን እንጂ መርዙ ወደ ነርቭ ሕዋስ ይገባል፤ መድኃኒቱ ግን አይገባም። ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት ለመዝጋት ከተደረጉት ጥናቶች የትኛው ተስፋ ጸንቶ እንደቆመና የትኛው እንደተጋነነ ይመረምራል።

የስፍራን ወሳኝነት ከመንጋጋ ቆልፍ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። እ.ኤ.አ. በ1992 በጣሊያን አገር ስኪያቮ፣ ሞንቴኩኮና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርዝና ዓይነት ቢ የተባለው የቦቱሊዝም መርዝ ሲናፕቶብሬቪን የተባለውን አንድ ፕሮቲን አንድ ቦታ ላይ ይቆርጣሉ። ሆኖም አንደኛው ጡንቻን ያገትራል፤ ሌላው ያልማል። ምክንያቱ የአድራሻ ልዩነት ነው። የቦቱሊዝም መርዝ ሥራውን የሚያከናውነው በጡንቻ አንቀሳቃሽ ነርቭ ጫፍ ላይ ሲሆን፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ ግን በዚያው ነርቭ ውስጥ ወደ ኅብለ ሰረሰር ተጉዞ ወደ ሁለተኛ ሕዋስ፣ ይኸውም ወደ ገቺው ነርቭ ይሻገራል። መቀሱ አንድ፣ የሚቆረጠውም አንድ ሆኖ ሳለ በሽታው ተቃራኒ ነው።

ሕዋስ ፕሮቲኖቹን በዘፈቀደ አይበትንም። ጉንተር ብሎቤል እ.ኤ.አ. በ1999 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ፕሮቲኖች የሚሄዱበትን ስፍራ የሚያመለክት ምልክት በራሳቸው ላይ እንደሚይዙ በማሳየቱ ነው። ይህ ዕውቀት በሕክምናም ፍሬ አፍርቷል። ለጎሼ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢንዛይም በላዩ ያለው የስኳር ሰንሰለት ተከርክሞ ማኖስ የተባለው ስኳር እንዲገለጥ ተደርጓል፤ ማክሮፋጅ ይህን ስኳር ለይቶ መድኃኒቱን ይውጣል፤ የተዋጠውም ወደ ሊሶሶም ይደርሳል። እውነተኛ ስኬት ነው። ነገር ግን ስኬቱን ለሁሉም ፕሮቲን ማጠቃለል ስሕተት ነው፤ ሊሶሶም ሕዋስ የዋጠው ሁሉ የሚሄድበት መንገድ መጨረሻ ነውና። ከዚያ ከረጢት ሽፋን ወጥቶ ወደ ሳይቶፕላዝም መሻገር ሌላና እጅግ የከበደ ሥራ ነው።

ብዙ ጥናቶች የተሰናከሉት በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ከኤች አይ ቪ የተገኘ ታት የሚባል ፕሮቲን በራሱ ወደ ሕዋስ እንደሚገባ እ.ኤ.አ. በ1988 ተገለጠ። በ1999 ደግሞ የታት ቁራጭ የተቀጠለበት ትልቅ ኢንዛይም በአይጦች ልዩ ልዩ አካላት፣ በአንጎልም ጭምር፣ መታየቱ ተጻፈና ታላቅ ተስፋ ተጣለበት። በ2003 ግን ሪሻር፣ ለብለና ባልደረቦቻቸው ሕዋሶቹን ለማይክሮስኮፕ ማድረቂያው ኬሚካል ራሱ ፕሮቲኑን ወደ ኒውክለስ ሊያሰራጭ እንደሚችል አሳዩ። ሕይወት ባላቸው ሕዋሶች ሲታይ አብዛኛው በከረጢት ውስጥ ታግዶ ነበር። ስለዚህ የሚያበራ ምስል ብቻውን የመድረስ ማስረጃ ሊሆን አይገባም፤ ፕሮቲኑ በስፍራው ሥራውን ሲሠራ መታየት ይኖርበታል።

በዚህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጡት ሁለት የቦቱሊዝም ጥናቶች የተሻሉ ናቸው። ተመራማሪዎቹ መቁረጫው የመከነ የቦቱሊዝም መርዝን እንደ ተሸካሚ በመጠቀም፣ የግመል ወገን እንስሳት ከሚያመነጩት ዓይነት ትናንሽ ፀረ አካላትን ወደ ነርቭ ሕዋስ ሳይቶፕላዝም አስገብተዋል። የለኩትም የምስል ብርሃን ሳይሆን የእንስሳቱን ከሽባነት መዳንና በሕይወት መትረፍ ነው። አንደኛው በአይጦች፣ ሌላው በአይጦች፣ በጊኒ ፒግና በጦጣዎች ተፈትኗል። የሆነ ሆኖ ሁለቱም በእንስሳት የተደረጉ ናቸው። መልስ የሰጡትም ለነርቭ ጫፍ እንጂ በኅብለ ሰረሰር ላለው ገቺ ነርቭ አይደለም። «ለቦቱሊዝም የሠራ ለመንጋጋ ቆልፍም ይሠራል» የሚል ድምዳሜ ከላይ የተገለጠውን የአድራሻ ልዩነት ይዘነጋል።

ሒሱ ወደ ራሳችንም ይመለሳል። በእኛ ዘንድ ቲ.ኤ.ቲ. የሚለው ምሕጻር የመንጋጋ ቆልፍ ፀረ መርዝ ነው። በካርዱ ላይ «ቲ.ኤ.ቲ. ተሰጥቷል» ተብሎ ሲጻፍ በሽታው እንደታከመ የሚቆጥር ልማድ ካለ ሊታረም ይገባዋል። መድኃኒቱ የሚያከሽፈው በደምና በሕዋሶች መካከል የሚገኘውን ገና ያልገባ መርዝ ነው፤ የገባውን አይከተለውም። ለዘገየ በሽተኛ አይሰጥ ማለት ግን አይደለም። ቁስሉ መርዝ ማመንጨቱን ሊቀጥል ስለሚችል መዘግየት ለመፍጠን እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ቁስልን ማጽዳት፣ ሜትሮኒዳዞል መስጠት፣ መገታተሩን በዲያዜፓም መቆጣጠርና የአየር ቧንቧን መጠበቅ አብረው የሚሄዱ ናቸው፤ የነርቭ ማገገም ሳምንታትን ይወስዳልና። በሽታው ራሱ መከላከያ ስለማይተው የዳነም ሰው መከተብ አለበት።

ከሁሉ የሚቀድመው ፀረ አካሉ መርዙን ቀድሞ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን ማስወገዷ እ.ኤ.አ. በ2017 ተረጋግጧል፤ የሚያኮራ ውጤት ነው። ሆኖም የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ ነፍሰ ጡሮችን ያተኮረው ክትባት ወንዱን ገበሬ አያካትትም። ከዚያ በፊት የተወለደው የእስቴ አራሽ እግሩን እሾህ ሲወጋው በደሙ ውስጥ አንዳች መከላከያ ላይኖረው ይችላል። ለማንኛውም ቁስል ወደ ጤና ጣቢያ የመጣን ሰው የክትባት ታሪክ መጠየቅና ያልተከተበውን መከተብ፣ ምርምሩ ገና የሚመኘውን ግብ በሌላ መንገድ ያሳካል፤ ፈዋሹ ፕሮቲን በተገቢው ስፍራ፣ በተገቢው ሰዓት ይገኛል።