«ይሠራ» ወይስ «ቀሪ»? በፕሮግራም ማስታወሻ ላይ ስለሚሰፍሩ የሥራ መለያዎች

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ባለሙያዎች ሳይፈጽሙ ያቈዩትን ሥራ በዚያው በፕሮግራሙ ውስጥ፣ በማስታወሻ መልክ፣ መዝግበው የማለፍ ልማድ አላቸው። ማስታወሻው የሚጻፈው ለሰው ነው፤ ይሁን እንጂ በ«ቱዱ» ወይም በ«ፊክስሚ» የጀመረ እንደ ሆነ የፕሮግራም መጻፊያው ሶፍትዌር ለቅሞ በሥራ ዝርዝር ውስጥ ያሰፍረዋል። ኢክሊፕስ ለጃቫ ቋንቋ ሦስት፣ ኢንተሊጄ አይዲያ ደግሞ ሁለት እንዲህ ያሉ መለያዎች ተሰናድተውለት ይገኛሉ። ሁለቱም ተጠቃሚው የራሱን መለያ እንዲጨምር ይፈቅዳሉ። የግዕዝ ፊደልም እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ መለያውን በአማርኛ ማድረግ ይቻላል። ጥያቄው የትኛው ቃል ይመረጥ የሚለው ነው።

በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው «ይሠራ» ነው። ትርጕሙ አይነቀፍም፤ ለመለያነት ግን አይበጅም እንላለን። ምክንያቶቻችን ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ አንዱ ጸሐፊ «ይሠራ» ሲል ባልደረባው «ይሰራ» ብሎ ይጽፋል። አንባቢ ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ያነባቸዋል። ሶፍትዌሩ የሚያነጻጽረው ግን ድምፅን ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጠውን ቍጥር ስለ ሆነ፣ በንጉሡ «ሠ» የተመዘገበ መለያ በእሳቱ «ሰ» የተጻፈውን አያገኘውም።

ሁለተኛ፣ «ይሠራል» የሚለው ቃል «ይሠራ»ን በውስጡ ይዟል። ስለዚህ «ይህ ክፍል በትክክል ይሠራል» የሚል ማስታወሻ፣ ያለቀ ነገር ሳለ፣ ካላለቁት ጋር ሊቈጠር ይችላል።

ሦስተኛ፣ ይህን ለማስቀረት በመፈለጊያው ቀመር ላይ የቃል ወሰን ምልክት ቢጨመር ሌላ ችግር ይከተላል። በጃቫስክሪፕት ቋንቋ ይህ ምልክት የቃል አካል አድርጎ የሚቀበለው የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና የግርጌ ሰረዝን ብቻ ነው። በመሆኑም በክፍት ቦታዎች መካከል የቆመ የአማርኛ ቃል ጨርሶ አይታየውም።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ሶፍትዌሩ «አላገኘሁም» ብሎ አያስጠነቅቅም፤ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል፤ የሥራው ኀላፊም ሁሉ ተፈጽሟል ብሎ ያምናል።

ስለዚህ ለ«ቱዱ» «ቀሪ»ን፣ ለ«ፊክስሚ» «ይታረም»ን እንመርጣለን። በሁለቱም ውስጥ ሞክሼ ፊደል የለም። እርግጥ ነው፣ «ቀሪ» በባንክ ፕሮግራም ውስጥ «ቀሪ ሂሳብ» ተብሎ ሊመጣ ይችላል። እንግሊዝኛ መለያውን ከተራ ቃል የሚለየው በትላልቅ ፊደላት በመጻፍ ነው፤ የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የለውም። ይህን ጕድለት በማዕዘን ቅንፍ መሙላት ይቻላል፤ [ቀሪ]፣ [ይታረም] ተብሎ ቢጻፍና ቅንፉም የመለያው አካል ሆኖ ቢመዘገብ ተራው ቃል ከመለያው ጋር አይደባለቅም፤ የወሰን ምልክትም አያስፈልግም።

ስለ ሞክሼ ፊደላት የሚደረገው ክርክር የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ከዚህ እንደምናየው ግን አንድ ሥራ መረሳቱን ወይም መታሰቡን የሚወስነው የፊደል ምርጫ ሊሆን ይችላል። ቃል የሚሰይም ሰው ትርጕሙን ከመዘነ በኋላ አጻጻፉንም ሊመዝን ይገባል።