ኩርፊያን የሚቀጣ አንቀጽ

የሕንድ የቀድሞ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 124ኤን እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ ድርሰት ነው ያነበብኩት። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ፣ ያለ ቦታው የገባች አንዲት ቃል ስንት ነገር እንደምታበላሽ የማየት ልማድ አለኝ።

አንቀጹን እንግሊዞች በ1870 ያስገቡት ነው (የሕንዱ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በመንግሥት ላይ «ዲስአፌክሽን» የቀሰቀሰ እስከ ዕድሜ ልክ ይቀጣል ይላል። ቃሉን ወደ አማርኛ ላምጣው ካልኩ «ኩርፊያ» ይቀርበኛል። በ1897 ባል ጋንጋዳር ቲላክ «ኬሳሪ» በተባለው ጋዜጣቸው በወጡ ጽሑፎች ሲከሰሱ፣ ዳኛው ስትራቺ ለጁሪው ቃሉን ሲፈቱ «ፍቅር አለመኖር» ማለት ነው አሉ። እስቲ አስቡት! መጥላት እንኳ አያስፈልግም፤ አለመውደድ ይበቃል። በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ራሱ ስህተት ተብሎ ተመዘገበ ማለት ነው።

በዚህ አንቀጽ ላይ ከተሰነዘሩት ሂሶች ምርጡ የመጣው ከተከሳሽ ሳጥን ይመስለኛል። ጋንዲ በ1922 አሕመዳባድ ላይ ክሱን ሳያንገራግሩ አመኑ፤ ከዚያ ግን ፍቅር በሕግ የሚመረት ነገር እንዳልሆነ ከጻፉት ላይ አነበቡ። የአንቀጹን ዋና ጉድለት ገላልጠው አሳዩት። ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው።

ሕንድ ነፃ ስትወጣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ዘመን ያበቃ መስሎ ነበር። አንቀጹ ግን ቀረ። በ1962 የኬዳር ናት ሲንግ ጉዳይ ሲቀርብለት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልሰረዘውም፤ ሁከት ወይም ብጥብጥ ለሚያነሳሳ ንግግር ብቻ ይሠራል ብሎ አጠበበው። ጥሩ ውሳኔ ነው፣ ግን ኮዱን ሳይነኩ ከላዩ ኮሜንት እንደመጻፍ ነው። ጣቢያ ያለው ፖሊስ የሚያስፈጽመው ኮዱን እንጂ ኮሜንቱን አይደለም። በ2021 ዲሻ ራቪ የምትባል ወጣት የአየር ንብረት ተሟጋች፣ የገበሬዎችን ተቃውሞ የሚደግፍ የጋራ ኦንላይን ሰነድ ላይ እጇ አለበት ተብላ ታሰረች። ዳኛው ማስረጃው እዚህ ግባ እንደማይባል አይተው በዋስ ለቀቋት። እሱ ግን ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ለሌላው አክቲቪስት መልእክቱ በመጀመሪያው ቀን ደርሷል።

የእኛው የፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 አንቀጽ 6 የዚህ ዘመድ ነበር። ሕዝቡ ወይም ከፊሉ «ማበረታታት ነው» ብሎ ሊረዳው የሚችለውን ጽሑፍ ያሳተመ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይታሰር ነበር። እዚያ ወንጀሉ ያለው ስሜት ውስጥ፣ እዚህ ደግሞ አንባቢው ጭንቅላት ውስጥ! በዚሁ አዋጅ የተከሰሱት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች ከዓመት በላይ ከታሰሩ በኋላ የአንዳንዶቹ ክስ ተቋረጠ፣ ሌሎቹ ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። አዋጁ በ2012 ተሽሯል።

ቃል ቤት አያቃጥልም ብዬ አልከራከርም፤ እኛ አገር ይህን ማን ይነገረናል? ግን «ሂዱና የእነ እገሌን ቤት አቃጥሉ» ማለት ለብቻው ወንጀል ነው፤ ዐቃቤ ሕጉም በቃሉና በእሳቱ መካከል ያለውን ገመድ ማሳየት አለበት። የኩርፊያ ሕግ ለባለሥልጣን የሚጥመው ይህን ድካም ስለሚያስቀርለት ይመስለኛል።

እንግሊዝ ራሷ ይህን ወንጀል በ2009 ከሕጓ አውጥታዋለች። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 124ኤን አገደው። በዓመቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሕጉ ሙሉ በሙሉ ሊሻር ነው ብለው ለፓርላማ ተናገሩ፤ አዲሱ የወንጀል ሕግም ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። እውነትም 124ኤ የለም። አንቀጽ 152 ግን አለ። «መንግሥት» የነበረው «ሉዓላዊነት፣ አንድነት» ሆኗል፤ ሦስት ዓመት የነበረው አማራጭ ቅጣት እስከ ሰባት ወጥቷል፣ ዕድሜ ልኩ እንዳለ ነው፤ የኤሌክትሮኒክ መልእክትም በስሙ ተጠርቶ ገብቷል። የትጥቅ አመፅን መቀስቀስ ይላል፤ እሺ፣ እሱ ድርጊት ነው። ትንሽ ወረድ ስትሉ ግን የመገንጠልን «ስሜት» ማበረታታት የሚል ታገኛላችሁ።