ቃጫና ፕላስቲክ፤ በቦዲቲ የገመድ ምርጫ ላይ የቀረበ ሂስ

«የፕላስቲክ ገመድ ከቃጫ ይበልጣል» የሚለው አስተያየት ለቦዲቲ ገበሬ ሲቀርብ ጥንካሬን ብቻ መዝኖ ይፈርዳል፤ እኛ ግን ፍርዱ ጎደሎ ነው እንላለን። ቃጫ ለብቻው የሚመረት አይደለም፤ የወላይታ ሴቶች ከ4 እስከ 7 ዓመት የቆየውን እንሰት ለቆጮ ሲፍቁ አብሮ የሚገኝ ነው። መፋቁ ስለማይቀር፣ ገመድ ከሱቅ መግዛት የሴቶቹን ሙያና ገቢ መተው ይሆናል።

እርግጥ ቃጫ እርጥበት ላይ ሲሰነብት ይበሰብሳልና ለጉድጓድ ውሃ መቅጃ ፕላስቲኩ መመረጡን አንነቅፍም። ነገር ግን ይኸው አለመበስበሱ በማሳ ላይ ጉዳት ያመጣል፤ ፀሐይ ሲመታው ተበጣጥሶ ከአፈር ይቀላቀላል፤ ከብትም ከሣር ጋር ከዋጠው በሆዱ አይፈጭም። ስለዚህ የቱ ይጠነክራል ከማለት አስቀድሞ፣ ሥራው ሲያልቅ ገመዱ የት እንደሚወድቅ መጠየቅ ይገባል። ለጉድጓድ ፕላስቲክ፣ ለጭነትና ለነዶ ማሠሪያ ቃጫ ይመረጥ ዘንድ አስተያየታችን ነው።