ውድ ላፕቶፕ፦ የምንከፍለው ለምኑ ነው?

ዳሪሙ ላይ ሆናችሁ አሳይመንት እየሠራችሁ መብራት ጠፋ እንበል። ያን ጊዜ የላፕቶፑ ውበት ምንም አያደርግላችሁም፤ ባትሪው ነው የሚያዋጣችሁ። እስቲ ከውዶቹ አንዱን፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣውን ማክቡክ ኤር ኤም1፣ በዚህ እንመዝነው።

ባትሪው 49.9 ዋት-ሰዓት ይይዛል። አፕል እስከ 18 ሰዓት ቪዲዮ ያሳያል ይላል። አካፍሉት፦ የሚፈጀው በአማካይ 2.8 ዋት ገደማ ነው ማለት ነው። 10 ዋት የሚበላ ላፕቶፕ ያንኑ ባትሪ በ5 ሰዓት ይጨርሰዋል። ቺፑ ኃይል ስለሚቆጥብ ሙቀቱም ትንሽ ነው፤ ማራገቢያ እንኳ የለውም። ለዚህ ገንዘብ ቢወጣ አይቆጨኝም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ራሙን ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት ለማሳደግ አሜሪካ ውስጥ 200 ዶላር ይጠየቅ ነበር፤ የሙሉው ማሽን መነሻ ዋጋ 999 ሆኖ ሳለ! በኋላ ልጨምር ብትሉ ደግሞ አይሆንም፣ ራሙ ከቺፑ ጋር አንድ ላይ ታሽጓል። ለዚህስ ምክንያት አለው፤ መንገዱ ሲያጥር ዳታው በፍጥነትና በትንሽ ኃይል ይመላለሳል። ግን ፋይላችሁ የሚቀመጥበት ማከማቻ ለምን ቦርዱ ላይ ተበየደ? እሱ ቢበላሽ ከዳሪሙ መቱ፣ ከመቱ ደግሞ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ሊመጣ ነው።

የ2018ቱን ቲንክፓድ ቲ480 እዩት። ወፍራም ነው፣ አያምርም ይሉታል (እኔ ግን እወደዋለሁ)። የኋላ ባትሪውን ማሽኑ እየሠራ መንቀል ትችላላችሁ፤ ውስጥ ሌላ ስላለው አይጠፋም። ራሙም ኤስኤስዲውም በካቻቢቴ ተፈቶ ይቀየራል። ያገለገለ ስትገዙ ብቻ ሁለቱንም ባትሪዎች ሳትፈትሹ እንዳትከፍሉ።