የፍሪኩዌንሲ መንሸራተትና የክላፕ ሰርኪዩት ዝና
(አጭር ሒስ)

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ/ም የጄኔራል ሬዲዮ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ጄምስ ክላፕ፤ በአሜሪካ የሬዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ርእሱ ከተለመደው የላቀ የፍሪኩዌንሲ ጽናት ስላለው ኦሲሌተር የሚያወሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ የክላፕ ስም በአማተር ሬዲዮ ሠሪዎች ዘንድ የጽናት መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። ዛሬም አሮጌ መሣሪያ የሚጠግን ሰው ፍሪኩዌንሲው አልጸና ሲለው የሚያገኘው ምክር ብዙውን ጊዜ ከሁለት አይዘልም፤ አንደኛው «ኦሲሌተሩን አፍርሰህ ክላፕ አድርገው» የሚል ሲሆን፤ ሁለተኛው «ካፓሲተሮቹን በሙሉ ለውጣቸው» የሚል ነው። እኛም የክላፕን ሥራ በሚገባው ሚዛን መዝነን፤ በስሙ የሚሰጠው ምክር ከምን ላይ እንደሚስት ልናመለክት እንወዳለን።

በመጀመሪያ ምስጋናውን አንንፈገው። የኦሲሌተር ፍሪኩዌንሲ የሚወሰነው በጥቅል ሽቦውና በካፓሲተሩ መጠን ነው፤ ዳሩ ግን ቫልቩም የራሱ የሆነ ጥቂት ካፓሲታንስ ስላለው ከነዚህ ጋር ይደመራል። ቫልቩ ሲሞቅ ወይም ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ሲል ይህ ጭማሪ ይለወጣል፤ ፍሪኩዌንሲውም ተከትሎት ይሄዳል። ክላፕ በኮልፒትስ ሰርኪዩት ላይ ከጥቅሉ ጋር በተከታታይ አንድ ትንሽ ካፓሲተር አስገባ፤ ቫልቩን የሚያዋስኑትን ሁለቱን ግን ትልልቅ አደረጋቸው። በዚህም ምክንያት የቫልቩ ለውጥ በሙሉ እንስራ ውኃ ውስጥ እንደ ገባች ጠብታ ሆኖ ቀረ። ዐሳቡ ቀላልና ግልጽ ነው።

ሆኖም ዝናው ከሥራው በልጧል። የብሪታንያው ቢ.ቢ.ሲ. መሐንዲስ ጄፍሪ ጉሪዬ ከክላፕ ጽሑፍ አስቀድሞ ይህንኑ ሰርኪዩት ሠርቶበት ስለ ነበር፤ አንዳንዶች ስሙን ለሁለቱ ያካፍሉታል። የቼኮዝሎቫኪያው መሐንዲስ ይርዢ ቫትስካርዥም በ1949 ዓ/ም ባወጣው ጥናት፤ የክላፕ ኦሲሌተር በሰፊ የፍሪኩዌንሲ ክልል ሲቃኝ ኀይሉ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ተችቶ ሌላ አሠራር አቅርቧል። ከሁሉ የሚበልጠው ነቀፌታ ግን ይህ ነው፤ ሰርኪዩቱ የቫልቩን ለውጥ ይከላከላል እንጂ የጥቅሉንና የትንሹን ካፓሲተር መሞቅ አይነካም። እንዲያውም ፍሪኩዌንሲውን ከቀድሞው ይልቅ በነዚህ በሁለቱ እጅ ያስረክበዋል። ስለዚህ መንሸራተቱ ከሙቀት የመጣ ከሆነ፤ ክላፕን ማስገባት የታመመውን ትቶ ጤነኛውን ማከም ነው።

ነገሩ ከባድ መሆኑን ሒሳቡ ያሳያል። ጠቅላላው ካፓሲታንስ ከሚሊዮን 100 እጅ ቢጨምር ፍሪኩዌንሲው ከሚሊዮን 50 እጅ ይቀንሳል፤ በ7 ሜጋኸርዝ ላይ ይህ 350 ኸርዝ ነው። በኤ ኤም ዘመን ይህን ያህሉን ሰሚ አያስተውለውም ነበር፤ በኤስ ኤስ ቢ ግን 100 ኸርዝ እንኳ ቢሸሽ የተናጋሪው ድምፅ ባሕርዩን ይለውጣል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ አሮጌ ሬዲዮ ግን በሽታውን አይደብቅም፤ የሚጠይቀው ሰው ብቻ ያስፈልገዋል። ፍሪኩዌንሲ ቆጣሪ ይዘን በየደቂቃው ብንመዘግብና በወረቀት ላይ መሥመሩን ብንስል፤ አብዛኛውን ምሥጢር ራሱ ይነግረናል። ከተከፈተበት ጊዜ አንሥቶ ለግማሽ ሰዓት ወይም ለአንድ ሰዓት ወደ አንድ ወገን ቀስ እያለ ሄዶ የሚረጋ ከሆነ ምክንያቱ ሙቀት ነው። በድንገት ዘልሎ የሚመለስ ከሆነ የቆሸሸ የባንድ መቀየሪያ፤ የላላ ብየዳ፤ የተለዋዋጩ ካፓሲተር የሻሲ መገናኛ ወይም ያረጀ የብር ሚካ ካፓሲተር ሊሆን ይችላል፤ በደረቅ የፕላስቲክ ዘንግ በቀስታ ሲያንኳኩት ቦታው ይታወቃል። የሞርስ ቁልፍ ሲጫን ድምፁ እንደ ወፍ የሚንጫጫ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ከቮልቴጁ ነው፤ ቮልቴጁን በ150 ላይ የሚያጸናውን 0ኤ2 የጋዝ ቫልቭ መመርመር ይቀድማል። በነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ስላለ፤ ጠቋሚው ሰው ኀይሉን ሳያቋርጥና ካፓሲተሮቹን ሳያራግፍ እጁን ማስገባት የለበትም።

ሙቀት መሆኑ ከተረጋገጠ መድኃኒቱ በቁጥር ይገኛል። ኦሲሌተሩ በ5 ሜጋኸርዝ የሚሠራና ጠቅላላ ካፓሲታንሱ 100 ፒኮፋራድ የሆነ መሣሪያ፤ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 1,000 ኸርዝ ወደ ታች ተንሸራተተ እንበል። ፍሪኩዌንሲው ከሚሊዮን 200 እጅ ቀነሰ ማለት ነው፤ ይህም የካፓሲታንስን በ400 እጅ መጨመር ያህላል፤ ለአንድ ዲግሪ 20 እጅ ይደርሰዋል። ኤን 750 የሚባለው የሴራሚክ ካፓሲተር በየዲግሪው ከሚሊዮን 750 እጅ ስለሚቀንስ፤ ሙቀት ከማይለውጠው 100 ፒኮፋራድ ውስጥ 2.7 ያህሉን ብቻ በዚህ መተካት ይበቃል። ሰርኪዩት ማፍረስ አላስፈለገም።

ሁለተኛውም ምክር በጅምላ የሚወሰድ አይደለም። በኀይል ማደያው ያሉት ያረጁ ኤሌክትሮሊቲኮችና በየመገናኛው ያሉት የወረቀት ካፓሲተሮች እንደሚያፈሱ የታወቀ ስለ ሆነ ቢለወጡ ተገቢ ነው። በኦሲሌተሩ ዙሪያ ያሉት ግን የጥቅሉን ሙቀት እንዲያካክሱ በፋብሪካው ተመርጠው የገቡ ሊሆኑ ይችላሉ። ኮሊንስ ኩባንያ በ75ኤ ተቀባዮቹ ውስጥ ያስገባው፤ በጥቅል ውስጥ በሚንቀሳቀስ ብረት የሚቃኘው ኦሲሌተር ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ጽናቱ የመጣው ከሰርኪዩቱ ስም ሳይሆን ከጥንቃቄ ሥራውና ከሙቀት ማካካሻው ነው። እንዲህ ያለውን ተራ ካፓሲተር ጨምሮበት የሚዘጋ ሰው የሌላውን ድካም ያጠፋል፤ መሣሪያዎቹም ዳግመኛ ስለማይሠሩ የጠፋው አይተካም።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ ክላፕ ለጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሰጥቷል፤ ጥፋቱ ያልተጠየቀውን ሁሉ እንደ መለሰ አድርገው ያነበቡት ሰዎች ነው። የታተመ ነገር ሁሉ ለምን ጥያቄ መልስ እንደ ሆነ ሳይመረመር በሥራ ላይ ከዋለ፤ እውነተኛውም ቃል ያሳስታል። ስለዚህ ባልንጀሮቻችን ብየዳውን ከማጋላቸው በፊት እርሳስና ወረቀት እንዲያነሡ፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጠው እንደገና እንዲለኩ፤ ያወጡትንም ዕቃ ምልክት አድርገው እንዲያስቀምጡ እንመክራለን።