ትንሺቱ የኢየሩሳሌም አምሳል

በኢየሩሳሌም፥ በእስራኤል ቤተ መዘክር ግቢ፥ ከድንጋይ የታነጸች አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። የምታሳየውም በ66 ዓ.ም. ጦርነቱ ሊነሣ ሲል የነበረችውን ኢየሩሳሌምን ነው። ልኳ ከ50 አንድ እጅ ስለ ሆነ፥ የሰው ቁመት በዚሁ መጠን ቢሠራ አንዲት ጣት እንኳ አይሞላም።

ያሠራት ሐንስ ክሮክ የተባለ የሆቴል ባለቤት ሲሆን፥ በ1948 ጦርነት ለሞተው ልጁ ለያዕቆብ መታሰቢያ እንድትሆን ነው። ንድፉን ያወጡት የጥንት ታሪክ ሊቅ ፕሮፌሰር ሚካኤል አቪ ዮና ናቸው። በ1966 በሆቴሉ ግቢ ተከፈተች፤ በ2006 አሁን ወዳለችበት ስፍራ ተዛወረች፤ ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው ምስጋና ይገባዋል። ዛሬ የሚታየው ቅጥር በ16ኛው መቶ ዓመት ሱልጣን ሱሌይማን ያሠራው ስለ ሆነ፥ ሰሊሆም ከቅጥሩ ውጭ ቀርታለች፤ ተሳላሚውም ይህን አይቶ ግራ ይጋባል። በአምሳሉ ግን ሰሊሆም ከቤተ መቅደሱ በስተ ደቡብ፥ በከተማይቱ ቅጥር ውስጥ ትታያለች። ዜና አይሁድን በግእዝ ያነበበ መነኩሴም በመጽሐፍ የሚያውቀው ጥፋት ምን ያህል ታላቅ እንደ ነበረ በዐይኑ ይረዳል።

ጉድለቱ ግን ከዚሁ ከጥቅሙ ጋር የተያያዘ ነው። ተሳላሚ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣል፤ የአምሳሉ ተመልካች ግን ወደ ታች ያያል። ጉልበቱ ሳይደክም፥ ራሱም ዝቅ ሳይል ሁሉን በአንድ ጊዜ ይጨርሳል። የቤተ መቅደሱን ጣራ ከላይ ያየ ሰው ከደጁ የቆመ ያህል ሊመስለው ይችላል፤ አደጋውም ይህ ነው።

በላስታ ያለው ሥራ ከዚህ ልዩ ነው። በቅዱስ ላሊበላ ስም የሚታወቁት 11 አብያተ ክርስቲያናት የኢየሩሳሌም ምሳሌ ይባላሉ፤ ወንዙ ዮርዳኖስ፥ ከመቅደሶቹም አንዱ ጎልጎታ ተብሏል። ነገር ግን ልክ ተለክቶ የተቀዳ ሕንጻ የለም፤ የተወሰደው ስሙና ጸሎቱ ነው። እርግጥ ቤተ ጊዮርጊስም ከአፋፉ ላይ ሆኖ ለሚያይ ጣራው ከነመስቀሉ ይታያል። ሆኖም ለመሳለም የፈለገ በተፈለፈለው ዐለት መካከል ይወርዳል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ቀድሞ ከላይ ያየውንም ጣራ ከታች ሆኖ አንጋጦ ይፈልገዋል። ዕብነ በረድ በጥንቃቄ የተለካባት ትንሺቱ ከተማ ይህን መውረድ ልትሰጥ አልቻለችም።

ስለዚህ አምሳሉን ማየት ትርጓሜ እንደ መስማት ይቈጠር። ትርጓሜ የሰማ ቅዳሴውን ያስተውላል፤ ትርጓሜ ግን ቅዳሴ አይሆንም። ጊዜ ያለው ተሳላሚ አስቀድሞ አምሳሉን ይይ፤ የስፍራዎቹን አቀማመጥ በልቡ ይያዝ። ጊዜው ያጠረበት ግን አምሳሉን ትቶ ወደ ጎልጎታ ይሂድ፤ በዴር ሡልጣንም ከመነኮሳቱ ጋር ቆሞ ይጸልይ። ያመለጠው ሥዕሉ ነው እንጂ ስፍራው አይደለምና።