«ደካማ ዓይን» ወይስ «ተከታይ ዓይን»? ስለ እጅ፣ እግርና ዓይን ምርጫ ስያሜዎች

በአዳማና በአሰላ መካከል በምትገኘው በዴራ ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ በመርፌ ቀዳዳ ክር ሲያስገባ ተመልክተን ነበር። ክሩን የያዘው በቀኝ እጁ፣ የስፌት መኪናውን የሚረግጠው በቀኝ እግሩ ነው፤ ቀዳዳውን ያነጣጠረው ግን ቀኝ ዓይኑን ጨፍኖ በግራው ነበር። ይህን ሰው በአማርኛ ምን ብለን እንጥራው?

ጥያቄውን ያለ ምክንያት አላነሣነውም። በቅርቡ ለጤና ሠራተኞች ማሠልጠኛ የተዘጋጀ አንድ ትርጉም ስንመረምር፣ በግራ የሚያነጣጥር ዓይን «ግራኝ ዓይን»፣ ሌላው «ደካማ ዓይን»፣ የእጅና የዓይን አለመግጠም ደግሞ «የተዛባ ጎን» ተብሎ አገኘነው። ተርጓሚው ስያሜ ባልተበጀለት ጉዳይ ላይ መድከሙ ያስመሰግነዋል። ሆኖም ሦስቱ ስያሜዎች ሳይታረሙ ወደ መዝገበ ቃላት እንዳይገቡ ያሠጋናል።

«ግራኝ» የእጅ ቃል ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ16ኛው መቶ ዓመት በዚህ ቅጽል የታወቁት በእጃቸው እንጂ በዓይናቸው አይደለም። ቃሉን ለዓይን ማዋስ የአካልን አሠራርም ያሳስታል። እጅን በዋናነት የሚያዘው በተቃራኒው ወገን ያለው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዓይን ግን መልእክቱን ወደ ሁለቱም ክፍሎች ይልካል። ስለዚህ የዓይን ምርጫ የእጅ ምርጫ ግልባጭ ሊሆን አይችልም።

«የተዛባ» የሚለውም አይጸናም። ቡራሳ፣ ማክማነስና ብራይደን በ1996 እ.ኤ.አ. ቀደምት ጥናቶችን አጠቃለው እንዳሳዩት፣ በቀኝ እጃቸው ከሚሠሩ ሰዎች 34 ከመቶ ያህሉ፣ ከግራኞች ደግሞ 57 ከመቶ ያህሉ ግራ ዓይናቸውን ያስቀድማሉ። እንግዲህ በእጅና በዓይን መካከል ዝምድና አለ፤ ነገር ግን የላላ ነው። የእጅና የእግር ዝምድና ከዚህ ይጠብቃል። በቀኙ ከሚሠራ ከሦስት ሰው አንዱን «የተዛባ» ማለት ጤነኛውን በቃል ማሳመም ነው። «የተለያየ ጎን» ቢባል ይበቃል።

ከሁሉ የሚከፋው «ደካማ ዓይን» ነው። ለማነጣጠር የማይመረጠው ዓይን ከሌላው እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ አጥርቶ ሊያይ ይችላል። በሌላ በኩል፣ በልጅነት ከአንጎል ጋር በሚገባ ሳይላመድ የሚቀርና የማየት ኀይሉ የሚያንስ ዓይን አለ። ይህ ሕመም በጊዜ ካልታከመ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊዘልቅ ይችላል፤ ከሕክምናው ስልቶች አንዱም ደኅናውን ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት መሸፈን ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ከተጠሩ የጤነኛው ልጅ እናት በከንቱ ትጨነቃለች፤ የታማሚው ልጅ እናት ደግሞ «በሁሉም ሰው ያለ ነው» ተብላ ትመለሳለች።

በእኛ አስተያየት «መሪ ዓይን» እና «ተከታይ ዓይን» የተሻሉ ናቸው። «የበላይ» ብንል «የበታች»ን ይጠራብናል። «አውራ» በ«አውራ ጣት» የተለመደ ነው፤ ዳሩ ግን አውራ ጣት በሁሉም ሰው እጅ ያው አንዱ ጣት ሲሆን፣ መሪው ዓይን ከሰው ወደ ሰው ይለያያል። «መሪ» ግን ሌላውን አያዋርድም። በማሕሌት መሪጌታው ሲመራ ተቀብለው የሚያዜሙት ድምፀ ደካማ አይባሉም።

ለእግርም ይኸው ይሠራል። «ቀኝ እግረኛ» ቢባል አንባቢ መንገደኛ ወይም ወታደር ይታየዋል። «መሪ እግር» ኳስ የሚመታው ነው፤ በዚያች ቅጽበት የሰውነትን ክብደት የሚሸከመው ተከታዩ ስለሆነ እሱንም ደካማ ማለት አይቻልም።

በዴራ አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ኦሮምኛ «ሚርጋ» እና «ቢታ» የሚሉትን ቃላት ለእጅም፣ ለእግርም፣ ለዓይንም ይጠቀምባቸዋል። ለሦስቱም አንድ ወጥ የሆነ ስያሜ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ለመሻገር ይቀልለዋል፤ የእጅን ቃል ለዓይን ያዋሰ ስያሜ ግን ስሕተቱንም ይዞ ይሻገራል።

ስለዚህ «ግራኝ» ለእጅ ብቻ ይቆይ፤ «ደካማ ዓይን»ም በእውነት ለደከመው ይተው። የዴራው ልብስ ሰፊ መሪ እጁና መሪ እግሩ ቀኝ፣ መሪ ዓይኑ ግራ ነው። አንባብያን ከዚህ የተሻለ ስያሜ ቢያቀርቡልን በደስታ እንቀበላለን።